አንበሳው ይበላል

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በሚገኝ አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ልጆች ከበውኝ ተቀምጠዋል። ግማሾቹ ጫማቸውን አውልቀዋል። አንዷ ዳቦዋን ደብቃ ትገምጣለች፤ ሁለት ወንድማማቾች በክርናቸው ይጎሻሸማሉ። እጃቸው ላይ ያለው እኔ የጻፍኩት መጽሐፍ ነው። የአማርኛ አስተማሪያቸው «ደራሲው ራሱ መጥቶ ያስነብባችኋል» ብላ ስለነገረቻቸው መጀመሪያ በአክብሮት አዩኝ። አክብሮቱ አምስት ደቂቃ ያህል ቆየ።

ተራው የደረሰው የሰባት ዓመት ልጅ ጣቱን ከፊደሎቹ ሥር እየጎተተ አነበበ፦ «አንበሳው … ይበላል።» ከዚያ ቀና አለና ዓይኑን አፍጥጦ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ፦ «ማን በላው?»

ጥያቄው ለጊዜው አልገባኝም። በእኔ ታሪክ ውስጥ አንበሳው ምሳውን እየበላ ነው። ጠግቦ ሊተኛ ነው፤ ሲተኛ ጦጢት ትመጣለች፤ ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ልጁ ግን ቃሉን አጥብቆ ነው ያነበበው። ላልቶ ሲነበብ አንበሳው ይመገባል፤ ጠብቆ ሲነበብ አንበሳው ራሱ ምሳ ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ያለው ፊደል ግን ያው ነው።

እኔ ይህን ሳሰላስል ልጆቹ ክርክር ጀምረዋል። አንዱ የበላው ጅብ ነው አለ። ሌላው ጅብ አንበሳን አይችለውም፣ አዞ መሆን አለበት አለ። ዳቦዋን የጨረሰችው ልጅ «ልጆች የሉትም?» ብላ አዘነች። ከዚያ በፊት ባነበብናቸው ስምንት ገጾች አንድ ጥያቄ የጠየቀ አልነበረም። እኔም ደራሲነቴን ትቼ አራሚ ሆንኩ፦ «አይ፣ ላልቶ ነው የሚነበበው። ምሳውን እየበላ ነው።»

«ኦ» አለ ልጁ። ገጹን ገለበጠ። ክርክሩም አበቃ።

ወደ ቤቴ ስነዳ አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። የልጁ ስሕተት ከእኔ ታሪክ ይሻላል።

ለልጆች መጻፍ የጀመርኩት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። ዋሽንግተን መሐል ከተማ፣ ከምድር በታች ሦስት ፎቅ በሚወርድ ፓርኪንግ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት በካሸርነት ሠርቻለሁ። ማታ እራትና ቲያትር ፈልገው የመጡት ሰዎች መኪናቸውን ካቆሙ በኋላ፣ ተመልሰው እስኪወጡ ድረስ ረጅም ጸጥታ አለ። በዚያች የመስታወት ክፍል ውስጥ ስንቱ የሀገሬ ሰው ለፈተና አጥንቷል፣ ዳዊት ደግሟል፣ በስልክ ትዳር አስታርቋል። እኔ ጻፍኩ።

የምጽፈው የልጅነቴን ነበር። ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ነው፤ ክረምቱን ግን ደብረ ብርሃን አጠገብ አያቴ ዘንድ አሳልፍ ነበር። አያቴ ተረት የምታወራው ማታ፣ ጥጧን እየፈተለች ነው። «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» ብለን ካልመለስንላት አትጀምርም። ጅብ ሲናገር በአፍንጫዋ ታወራለች። አንበሳ ሲናገር ድምጿን ከሆዷ ታወጣለች። ጦጢት ልትያዝ ስትል ደግሞ እንዝርቷን ታቆማለች፤ እንዝርቱ ቆመ ማለት ማናችንም አንተነፍስም ማለት ነው።

ጉለሌ ስመለስ አባባ ተስፋዬ ይጠብቁኛል። እኛ ቤት ቴሌቪዥን አልነበረም። የጎረቤታችን ቤት ነበር፤ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን፣ እግራችንን አጥፈን፣ ከፊት ለመቀመጥ እየተጋፋን እናያቸው ነበር። ተስፋዬ ሣህሉ ታላቅ የመድረክ ሰው እንደነበሩ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ ለእኔ የአንድ ሀገር ሙሉ ልጆች አያት ነበሩ። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ማረፋቸውን የሰማሁት በዚያችው የፓርኪንግ ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው። ከእኔ ቀጥሎ ሊረከበኝ የመጣው ልጅ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የማይሞላው፣ ዜናውን ነግሬው ዝም ብሎ ቆመ። ሁለታችንም ያለቀስነው ለአንድ ሰው ይሁን ለተቀመጥንበት የጎረቤት ወለል አላውቅም።

የመጀመሪያ መጽሐፌን የጻፍኩት እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ናፍቆት ነው። አንድ እረኛ ልጅ ነበረው። በረት ነበረው፣ አውድማ ነበረው፣ ማጀት፣ ጎተራ፣ ገሳ ነበረው። ከመጨረሻ ገጹ ላይ የአርባ ሁለት ቃላት ፍቺ አደረግኩበት። ዛሬ ሳስበው አርባ ሁለት ቃል ከኋላ የሚፈታለት የልጆች መጽሐፍ ለልጅ የተጻፈ አይደለም። ያኔ ግን በጣም ኮርቼበት ነበር።

በሐምሌ መጀመሪያ አካባቢ፣ በየዓመቱ ከተማ እየቀያየረ በሚደረገው የሰሜን አሜሪካ ኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ በዓል ላይ ጠረጴዛ ተከራይቼ አቀረብኩት። በአራት ቀን ስልሳ አንድ ቅጂ ሸጥኩ። የገዙኝ አባቶችና እናቶች ናቸው። «ለልጄ ነው» ይላሉ፤ ከዚያ እዚያው ቆመው ሁለት ገጽ ራሳቸው ያነባሉ፤ «ገሳ! ገሳን ማን ያስታውሰዋል!» ይላሉ። አንዷ እናት ዓይኗን ጠረገች። ልጇ በዚያን ሰዓት እጇን እየጎተተ አይስክሬም ይለምናት ነበር። አንድም ልጅ መጽሐፉን ከእጄ ተቀብሎ አልከፈተም። ይህን ያየሁት ያኔ ነው፤ የገባኝ ግን ከዓመታት በኋላ ነው።

ከዓመት በኋላ አንድ ወዳጄ ቤት ለገና ተጠርቼ ሄድኩ። መጽሐፌ ሳሎን ውስጥ፣ ከጀበናውና ከትንሿ መሶብ አጠገብ፣ በላስቲኩ እንደተጠቀለለ ቆሟል። ወዳጄ በደስታ አሳየኝ። «ይኸው፣ የክብር ቦታ ሰጥተንሃል» አለኝ። አመሰገንኩት። ምን እላለሁ?

ከእኛ በፊት ይህን ችግር አይቶ ሌላ መንገድ የሄደ ሰው አለ። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በልጆች ክፍል ይሠሩ ነበር። የብዙ ሀገር ቋንቋ መጻሕፍት በተደረደሩበት መደርደሪያ ላይ የአማርኛ አጡ። ስለ ቂሉ ማሞ የሚነገረውን የቆየ ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጅተው አሳተሙ፤ በኋላም ወደ ሀገር ቤት ተመልሰው አዲስ አበባ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ አዋሳ ላይ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ እስከ ልጆቹ ሰፈር አደረሱ። እኔ ከእሳቸው ታሪክ የወሰድኩት አንድ ነገር ነው። እሳቸው የተነሡት ልጁ ከቆመበት መደርደሪያ ነው። እኔ የተነሣሁት ከራሴ ትዝታ ነው።

እዚህ የሚያድጉ ልጆቻችን የአማርኛ ጽሑፍ አያዩም ማለት አይቻልም። የዲሲ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ ምክንያት ብዙ የመንግሥት ቅጾችና ማስታወቂያዎች ወደ አማርኛ ይተረጎማሉ። ልጆቹ ፊደላችንን ክሊኒክ ግድግዳ ላይ፣ የትምህርት ቤት ደብዳቤ ላይ፣ የምግብ ቤት በር ላይ ያዩታል። እያሳቀ፣ እያስፈራ፣ «ከዚያስ?» እያስባለ የመጣላቸው ጊዜ ግን ጥቂት ነው።

አሁን ለማንም ተናግሬው ወደማላውቀው ነገር ልምጣ።

ልጄ ሦስት ዓመቷ ላይ አማርኛ ትናገር ነበር። «ውኃ» ትል ነበር፣ «የኔ ነው» ትል ነበር፣ ደረጃ ስትፈራ «እቀፈኝ» ትል ነበር። «እቀፈኝ»ን መቼ እንደተወችው አላስታውስም። የመጀመሪያ ቃሏን ቀን ጽፌ አስቀምጫለሁ፤ የመጨረሻውን የሚመዘግብ ግን የለም።

ስድስት ዓመቷ ላይ፣ ያንን የእረኛውን መጽሐፍ የመጨረሻ ክፍል እጽፋለሁ። ከሌሊት ሥራ መልስ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጫለሁ። ስዕል ይዛ መጣች። «አባዬ» አለች። አልሰማሁም። ደግማ ጠራችኝ። በሦስተኛው ዞር አልኩና ዝም እንድትል፣ ሥራ ላይ እንደሆንኩ ነገርኳት። የነገርኳት በእንግሊዝኛ ነው፤ ቶሎ እንዲገባት። በአማርኛ ለልጆች የጀመርኩት ዓረፍተ ነገር እንዳይቋረጥብኝ የገዛ ልጄን በእንግሊዝኛ ከአጠገቤ አስነሣኋት። ዓረፍተ ነገሩ መጽሐፉ ውስጥ አለ። ባየሁት ቁጥር አውቀዋለሁ።

መጽሐፉ ከታተመ በኋላ፣ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት፣ እኔው ነኝ ቁጭ ብዬ ያነበብኩላት። በጨዋነት እስከ መጨረሻው ሰማችኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ይሄ ልጅ ትምህርት ቤት አይሄድም?»

እናቴ አሁንም ጉለሌ ናት። ፊደል አልቆጠረችም፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስሟን መጻፍ ተምራ ነበር፣ እሱም ጠፍቶባታል። እሁድ እሁድ በቴሌግራም እንደውላለን። ልጄ ስልኩን ትቀበልና «ደህና ነሽ እማማ? እኔ ደህና ነኝ» ትላለች። እናቴ ትመርቃታለች። ምርቃቱ ረጅም ነው፤ ልጄ ከመካከሉ «አሜን»ን ብቻ ታውቃለች። ከዚያ ስልኩ ወደ እኔ ይመለሳል። ሁሉም ነገር አንድ ደቂቃ አይሞላም። አንድ ቀን እናቴ እንዲህ አለችኝ፦ «ድምጿ እንዴት ያምራል። ምነው እንግዳ ሆነችብኝ?» ክፋት አልነበረውም። ሌሊቱን ግን አልተኛሁም።

የቅዳሜው ልጅ «ማን በላው?» ያለኝ ይህን ሁሉ ተሸክሜ ባለሁበት ጊዜ ነው።

አማርኛን በአፍ የጀመርን ሰዎች የማጥበቅና የማላላትን ነገር አናየውም። «ገና» በዓሉ ይሁን ያልደረሰው ነገር፣ «ዋና» ውኃ ውስጥ ይሁን ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ፣ «አለ» ተናገረ ይሁን ይኖራል፣ ዓይናችን ሳይጨርስ ጆሯችን ቀድሞ ያውቀዋል። ቃሉን ከፊደሉ በፊት ከሰው አፍ ሰምተነዋልና። የቅዳሜ ልጆች የመጡት በተቃራኒው መንገድ ነው። ሠላሳ ሦስቱን ፊደል በሰባት በሰባቱ ድምፅ፣ 231ዱን፣ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ገበታ ይወርዱታል። የሚያነቡትን ግን ሰምተውት አያውቁም። ስለዚህ ያ ልጅ አልተሳሳተም። መጽሐፌ ያልነገረውን ከየት ያምጣው?

ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን አስበውበት ነበር። በ1958 ዓ.ም. በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጠብቁት ፊደሎች ራስ ላይ ነጥብ አድርገዋል። ልማዱ ሳይስፋፋ ቀረ። እኔም ከእሳቸው ልማር ብዬ በሚቀጥለው ቅዳሜ ነጥብ ያደረግኩባቸውን ገጾች አትሜ ሄድኩ። ያው ልጅ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ «ዝንብ ነው?» አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ዝንብ ሲያሳድድ ዋለ። ነጥቡ ትልቅ ሰው ያግዛል ብዬ አሁንም አምናለሁ። ለሰባት ዓመት ልጅ ግን ሌላ ነገር ያስፈልገው ነበር፦ አጠገቡ ተቀምጦ ቃሉን የሚጠራለት ሰው።

ከዚያ በኋላ አሠራሬ ተለወጠ። አሁን መጀመሪያ አልጽፍም፤ አወራለሁ። መኪና ውስጥ ሆኜ ታሪኩን ለስልኬ አወራለታለሁ፣ ጅቡንም በአፍንጫዬ። በማግስቱ አዳምጠውና አያቴ እንዝርቷን ታቆም የነበረበትን ቦታ እፈልጋለሁ። ገጽ የሚገለበጠው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ እጽፋለሁ፤ ጽፌ ቅዳሜ ይዤ እሄዳለሁ። ልጆቹ ሲያነቡ እኔ መጽሐፉን ሳይሆን እነሱን ነው የማየው። ውኃ ልጠጣ ብሎ የሚነሣ ልጅ ካለ፣ የተነሣበትን ቦታ እርሳስ አደርግበታለሁ። ሁለት ልጅ ከተነሣ ገጹን እጥለዋለሁ፤ የቱንም ያህል ብወደው።

ቃላትን በተመለከተ፣ የማያውቁትን ሁሉ አላወጣም። ያማ ከሆነ ምን ቀረ? «በረት» አለ፤ ስዕሉ ላይ ላሞቹ አጥሩ ውስጥ ሆነው ይታያሉ፤ ከሦስት ገጽ በኋላ ልጁ ራሱ ይጠራዋል። «አውድማ»ን ግን ሸኘሁት። ለእኔ የጤፍ ሽታ ያለው ቃል ነው። ሽታውን የማያውቅ ልጅ ላይ እሱን መጫን ልጁን ለናፍቆቴ ማገልገያ ማድረግ መሰለኝ።

አዲሱ ታሪክ የሚሆነው እዚሁ ከተማ ነው። አያት ከአዲስ አበባ መጥታለች። የልጅ ልጇ ዋሽንግተን ወዳለው መካነ እንስሳት ይወስዳታል፤ መግቢያው ነፃ ነው፣ ይህም ለአያት ትልቅ ቁም ነገር ነው። በመንገድ ላይ «እኔ እኮ ገበያ የምሄደው በአንበሳ ነበር» ትለዋለች። ልጁ በአያቱ ላይ ያለው አመለካከት በአንድ አፍታ ይለወጣል። ዘንቢሏን አንጠልጥላ አንበሳ ጀርባ ላይ ተቀምጣ ያያታል። አዲስ አበባ ያደገ አንባቢ አውቶቡሱን አስታውሶ ይስቃል፤ ልጁ በራሱ ምክንያት ይስቃል። ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ፣ በተለያየ ምክንያት፣ አብረው ይስቃሉ። እንደዚህ ዓይነት ገጽ ሳገኝ የዓመት ሥራዬ የተከፈለኝ ይመስለኛል።

ከአንበሳው አጥር ፊት ሲደርሱ የምሳ ሰዓት ነው። አያት ለልጁ የምታነብለት አንዲት ወረቀት አለች፤ ወረቀቷ ላይ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «አንበሳው ይበላል።» ነጥብ የለበትም። ስዕሎቹ ሁለት ናቸው፤ በአንደኛው አንበሳው ሥጋውን ይዟል፤ በሌላው ጦጣዎች ናፕኪን አንገታቸው ላይ አስረው ድስት ከብበዋል። የትኛው እንደሆነ መጽሐፉ አይናገርም። ለማወቅ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ማንበብ አለበት።

ያ ልጅ አሁን አድጎ ቅዳሜ መምጣት አቁሟል። ለእናቱ አንድ ቅጂ ሰጥቻታለሁ።

ልጄ ዛሬ ሃያ ዓመቷ ነው። ለበዓል ከኮሌጅ ስትመጣ የመጽሐፉን የማረሚያ ቅጂ ጠረጴዛ ላይ አገኘችው። ቅዳሜ ትምህርት ቤት ሄዳ ስለነበር ፊደሉን አልረሳችም፤ ትርጉሙ ነው የሚያመልጣት። እሁድ ነበር፣ እናቴ መስመር ላይ ነበረች። ልጄ ስልኩን ስትቀበል እንደወትሮው «ደህና ነሽ» ካለች በኋላ ወደ እኔ አልመለሰችውም። መጽሐፉን አንሥታ «እማማ፣ ላንብብልሽ?» አለቻት። ይህችን ዓረፍተ ነገር መቼ እንዳዘጋጀቻት አላውቅም። አልጠየቅኳትም።

ቀስ ብላ፣ ፊደል በፊደል አነበበችላት። እናቴ በየመሐሉ «እ!» ትላለች። የአንበሳ አውቶቡሱ ላይ ሲደርሱ እናቴ እስኪያስላት ሳቀች፤ ልጄም ለምን እንደተሳቀ በቅጡ ሳታውቅ አብራት ሳቀች። ከዚያ አጥሩ ጋ ደረሱ።

«አንበሳው ይበላል» አለች ልጄ፣ አጥብቃ።

«ውይ! ምን አገኘው?» አለች እናቴ።

ልጄ ቆመች። ሁለቱንም ስዕሎች አየች። ወደ እኔ አየች፤ እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። «እማማ፣ ሁለት ነው» አለች በተሰባበረ አማርኛ። «ስዕሉ ሁለት ነው። አንዱ ይበላል። አንዱ … ይበላል።»

እዚህ ገጽ ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ስልኩ ላይ ግን እናቴ ልዩነቱን ስትነግራት ሰማሁ። አንዴ አላልታ፣ አንዴ አጥብቃ፣ ለሕፃን እንደሚያጎርሱት እየቆራረሰች። ልጄም ተከትላት ትላለች። አንዷ ፊደሉን አታውቅም፤ አንዷ ድምፁን አታውቅም። አንዲቷን ቃል ለሁለት አነበቧት።

እኔ ቡና ላፈላ ብዬ ተነሣሁ። ጥሪው ሃያ ስድስት ደቂቃ ቆየ። ጀበናውን ይዤ ስመለስ እናቴ ገና አልጠገበችም።

«እሺ የኔ እናት» ትላለች። «ከዚያስ?»